የብር ሳንቲም ፎቶ፦ መብራቱ የት ይቀመጥ?

ጠያቂያችን እንዳሉት በነጭ የብርሃን ሳጥን ውስጥ ያነሷቸው የብር ሳንቲሞች ደብዝዘው ቆርቆሮ መስለዋል፤ በሪንግ ላይት (ሌንሱን በሚከብብ ክብ መብራት) ያነሷቸው ደግሞ መሃላቸው ነጭ ሆኖ ጽሑፉ ጠፍቷል። የሁለቱም ችግር ምንጭ አንድ ነው። ብር ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር መልሶ ያሳያል፤ ዙሪያው ሁሉ ነጭ ጨርቅ ከሆነ ካሜራው የሚያየው ጨርቁን ነው። ስለዚህ ኃይለኛ መብራት ከመግዛትዎ በፊት ሳጥኑንም ሪንግ ላይቱንም ወደ ጎን ያድርጓቸው።

የሚበቃዎት አንገታቸው የሚተጣጠፍ ሁለት የጠረጴዛ መብራት ነው። አምፖሎቹ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ አንድ ዓይነት ኤልኢዲ ይሁኑ፤ ማሸጊያቸው ላይ 5000 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ) አካባቢና ሲአርአይ (ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚገልጽ ቁጥር) 90 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይፈልጉ። የክፍሉን መብራት ያጥፉ፣ መጋረጃውንም ይዝጉ። የመስኮት ብርሃን ከአምፖሉ ጋር ከተቀላቀለ የሳንቲሙ አንዱ ጎን ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ይሆናል፤ ያንን የትኛውም የዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚደረግ) ማስተካከያ አያቃናውም።

ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይመልከት። መስተካከሉን ለማረጋገጥ በሳንቲሙ ቦታ ትንሽ የኪስ መስታወት ያስቀምጡ፤ የሌንሱ ምስል ልክ መሃል ላይ ከታየ ደህና ነው። ከ90 እስከ 105 ሚሊሜትር ያለው ማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገርን አጉልቶ የሚያነሳ) የሚመረጠው ከሳንቲሙ ራቅ ስለሚልና ለመብራቱ ቦታ ስለሚተው ነው። በስልክም ቢሆን ተጠግተው አያንሱ፤ ራቅ ብለው 2 እጥፍ ያጉሉ፣ ትርፉን በኋላ ይቁረጡት።

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። የሳንቲሙን አናት 12 ሰዓት ብንለው አንዱ መብራት 10 ላይ፣ ሌላው 2 ላይ ይቁም፤ ከሳንቲሙ ገጽ 60 ወይም 70 ዲግሪ ከፍ ብሎ ሌንሱን ሊነካ እስኪል ይጠጋ። ብርሃኑ ከግርጌ ከመጣ ዓይናችን ስለሚሳሳት የተቀረጸው ራስ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ይመስላል። አንዱን አጥፍተው ሌላውን በጣም ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ፣ ዓይንዎ ከስክሪኑ አይነሳ። አዲስ ሳንቲም ከሆነ ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚዘረጉ የብርሃን ጨረሮች ድንገት ብቅ ይላሉ፤ እዚያው ያቁሙት። ሁለተኛውን ያኔ ያብሩና ጥላው እስኪለሰልስ ድረስ ብቻ ከሩቅ ያግዘው። ሁለቱ እኩል ከበረቱ ቅርጹ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ያረጀና የተበላ ሳንቲም ሌላ ነው። አንድ መብራት ወደ 25 ዲግሪ ዝቅ ሲል ሊጠፉ የደረሱ ፊደሎች ይነበባሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጭረት ከልኩ በላይ ገዝፎ ስለሚታይ ያ ፎቶ ለንባብ እንጂ የሳንቲሙን ይዞታ ለማሳየት አይሆንም። የጠቆረ ነሐስ ላይ ብርሃኑ ከጠነከረ አንድ ንብርብር ስስ ነጭ ወረቀት ከመብራቱ ፊት ይበቃል። ፎቶው እንዲያምር ብሎ ሳንቲሙን መወልወል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የተወለወለ ገጽ አይመለስም።

ሜዳው፣ ማለትም ከምስሉ ዙሪያ ያለው ጠፍጣፋ ገጽ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ፕሩፍ (ለሰብሳቢዎች ተብሎ በልዩ ጥራት የተመታ) ሳንቲም በዚህ አቀማመጥ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሜዳው ብሩህ እንዲሆን ከፈለጉ ንጹሕና ስስ የፎቶ ፍሬም መስታወት በሌንሱና በሳንቲሙ መካከል 45 ዲግሪ ያዘንብሉ፤ አንድ መብራት ከጎን ወደ መስታወቱ ያብራ። ብርሃኑ ወደ ሳንቲሙ ይወርድና ተመልሶ በመስታወቱ አልፎ ሌንሱ ይገባል፤ ጠፍጣፋው ሜዳ ያበራል፣ ተዳፋት የሆነው የምስሉ ጠርዝ ይጠቁራል። መብራቱ ሳንቲሙን በቀጥታ እንዳይነካው በጥቁር ካርቶን ይከልሉት፣ ከመብራቱ ትይዩ ባለው ወገንም ጥቁር ጨርቅ ያቁሙ። ወፍራም መስታወት ምስሉን ድርብ ያደርገዋል።

ካሜራው ላይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8፣ የ2 ሰከንድ ታይመር ያድርጉ። ጥቁር መደብ ላይ የብርሃኑን መጠን ካሜራው ራሱ ከመረጠ ብሩን ያነጣዋል፤ ከ1/3 እስከ 1 ስቶፕ (የብርሃን መጠን ደረጃ) ይቀንሱለት። ፎቶው ላይ አግድም መስመሮች ከታዩ አምፖሉ ነው የሚርገበገበው፤ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ወይም ከዚያ የዘገየ ያድርጉት። በፕላስቲክ የታሸገ ሳንቲም ላይ የአምፖሉ ነጸብራቅ ከወደቀ መጀመሪያ መብራቱን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ፤ እምቢ ካለ ከመያዣው አንድ ጎን ሥር የታጠፈ ወረቀት ይክተቱ።