ሮም በሦስት ቀን፣ ከእናትና ከልጆች ጋር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምንኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችውን እናቴን፣ ባለቤቴንና የ9 እና የ6 ዓመት ልጆቻችንን ይዤ ከኦገስት 14 ጀምሮ ለሦስት ቀን ሮም ልሄድ ነው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ፍልሰታንም ትጾማለች። ትልቁ ልጄ ደግሞ «እኔም ከአያቴ ጋር እጾማለሁ» ብሏል። ኮሎሲየም፣ ቫቲካን ሙዚየም፣ ትሬቪ፣ ፓንቴዮን... ሁሉን እንዴት እናዳርሰው? የጾም ምግብስ እናገኛለን?

መልስ፦ አታዳርሱትም እህቴ፤ አትሞክሩትም።

እኔ ባለፈው ዓመት የ75 ዓመት እናቴንና የ10 ዓመት ልጄን ይዤ ልክ በዚያው ሰሞን ሄጄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አምስት ቦታ በወረቀት ጽፌ ወጣሁ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ እማዬ ደከማትና የስፔን ደረጃ የሚባለው ላይ አረፍ አለች። ወዲያው ፖሊሱ ፊሽካውን ነፋ። ለካ ከ2019 ጀምሮ እዚያ መቀመጥ 250 ዩሮ ያስቀጣል! እማዬ ቀስ ብላ ተነሥታ ነጠላዋን እያራገፈች፣ «ታዲያ ካልተቀመጡበት ይሄን ሁሉ ደረጃ ምን ሊያደርጉት ሠሩት?» አለች። ከቅጣቱ ተረፍን፤ ወረቀቴን ግን ቀድጄ ጣልኩት።

ቫቲካን ሙዚየምን ተዪው። ለታመመ ጉልበትም ለ6 ዓመት ልጅም ረጅም ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ግን መግቢያው ነጻ ስለሆነ ማልዳችሁ ሂዱ፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ከባሲሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለሐበሻ መነኮሳት የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እንዲሁ ዘው ተብሎ አይገባበትም። ለእናትሽ ግን ንገሪያቸው፦ የግእዝ ሐዲስ ኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1548–49 እዚያው ሮም ውስጥ፣ በዚያ ገዳም በነበሩት በአባ ተስፋ ጽዮን ድካም ነው። እማዬ ይህን ስነግራት አምዱን ተደግፋ ዝም ብላ ቆመች። እኔም አላስቸኮልኳትም።

ኮሎሲየምን ከውጭ ማየት ይበቃል ባይ ነኝ። ካልገባሁ ካልሽ ግን ትኬቱ ስም ስለሚጻፍበት ቀድመሽ ግዢ፣ ፓስፖርትም ያዙ።

አንዱን ምሽት ግን ለአበበ ቢቂላ ስጡት። በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ላይ ውረዱ። ከጣቢያው ስትወጡ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ ይታያችኋል፤ የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ 2003 ቆሞ የነበረው እዚያ ፊት ለፊቱ ነው። በ1960ው ኦሊምፒክ አበበ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ከሞሮኮው ሯጭ ተነጥሎ ለመውጣት የመረጠው ቦታ ሐውልቱ ጋ ነበር። ከዚያ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትርም አይሞላም፤ መጨረሻው አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የገባበት የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነው።

አበበ የሮጠበት ምሽት በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነበር። ይህን ስል እማዬ መንገዱ መሀል ቀጥ አለች። «የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! እኛ እኮ ያኔ ችቦ እያበራን ነበር» አለችኝ። ጉለሌ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆና። እዚያም ሩጫው ባለፈበት በአፒያ ጥንታዊ ጎዳና ጨለማ ስለነበረ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው እንደነበር ነገርኳት። የቀረውን መንገድ ጉልበቴን ሳትል ጨረሰችው።

ምግቡ አያስጨንቅሽ። «ማሪናራ» የምትባለዋ ፒዛ ስሟ ዓሣ ዓሣ ቢልም ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ናት፤ አይብ የላትም። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢም የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም። ኦገስት 15 ግን የጣሊያኖች የማርያም ዕርገት በዓል ስለሆነ ብዙ ቤት ይዘጋል፤ ዳቦና ፍራፍሬ በዋዜማው ግዢ። (እነሱ በዓላቸውን ሲያከብሩ ለእናንተ ፍቺው ገና ሳምንት ይቀረዋል።)

ውሃ አትግዙ፤ ባዶ ጠርሙስ ይበቃል። «ናሶኒ» የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች በየመንገዱ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ ያፈሳሉ። አፉን በጣት ሲደፍኑት ውሃው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ሽቅብ ይፈናጠቃል። የእኔው ልጅ በሦስት ቀን ሦስት ካናቴራ አርሶበታልና ቅያሪ ያዢላቸው።