የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማይክ፣ ስፒከርና 4 በ 4 ክፍል

ከጎንደር የደረሱን የዚህ ወር ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ፤ የቤትን ድምፅ በማይክ ለክቶ ማስተካከል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የሆም ቲያትር አምፕሊፋየር ገዛሁ። ክፍሉን በማይክ ለክቶ ድምፁን ራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም አለው፤ ማይኩ ግን አብሮ አልመጣም። መሰኪያው የኢርፎን ስለሚመስል ለቪዲዮ የምጠቀምበትን የደረት ማይክ ብሰካበት ይሠራል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ይሰካል፤ መሣሪያውም ልኬቱን እስከ መጨረሻ ሊጨርስልዎ ይችላል። ውጤቱን ግን አይመኑት። እያንዳንዱ ማይክ የራሱ ጠባይ አለው፤ አንዱ ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል፣ ሌላው ባሱን ያሳንሳል። አምራቹ አብሮ የሚሸጠውን ማይክ ጠባይ ስለሚያውቀው ማካካሻውን አምፕሊፋየሩ ውስጥ አስቀድሞ ጭኖታል። ሌላ ማይክ ሲሰኩ የማይኩ ጉድለት የክፍሉ ጉድለት ተደርጎ ይቆጠራል። የደረት ማይክዎ ከ10,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) በላይ 5 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ቢያጎላ፣ አምፕሊፋየሩ ያንኑ 5 ዴሲቤል ከስፒከሩ ይቀንሳል፤ ዘፈኑም ብርድ ልብስ የተከናነበ ይመስላል።

ትክክለኛው መንገድ መመሪያው ላይ የተጻፈውን የማይክ ሞዴል ቁጥር ፈልጎ ያንኑ መግዛት ነው። የአንድ ኩባንያ ምርት ስለሆነ ብቻ ይስማማል ማለት አይደለም፤ ቁጥሩን ያመሳክሩ። የዩኤስቢ ማይክ ደግሞ እዚያ መሰኪያ ውስጥ አይገባም፤ የሚሰካው ላፕቶፕ ላይ ነው። ማይኩን ካላገኙ አውቶማቲኩን ይተዉትና በላፕቶፕ ለክተው በእጅ ያስተካክሉ፤ አሠራሩ ቀጥሎ ባለው መልስ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ላፕቶፕ፣ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር አለኝ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ማይክ ሊያመጣልኝ ነው። የትኛውን ልዘዝ? ከመጣ በኋላስ ምን አደርጋለሁ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሚኒዲኤስፒ ዩሚክ-1 ወይም ዴይተን ኦዲዮ ዩኤምኤም-6 ይዘዙ። ሁለቱም በዩኤስቢ ይሰካሉ፣ ድምፅን ከሁሉም አቅጣጫ ይቀበላሉ፤ ዋናው ነገር ደግሞ እያንዳንዱ ማይክ በሴሪያል ቁጥሩ ከአምራቹ ድረ ገጽ የሚወርድ የራሱ የልኬት ፋይል አለው። ዘመድዎ ካርቶኑን ጥሎ ቢመጣ እንኳ ቁጥሩ እንዳይጠፋ አስቀድመው ያስጠንቅቁት። ቤሪንገር ኢሲኤም8000ም ይሠራል፤ ነገር ግን ፋንተም ፓወር (በኬብሉ በኩል ለማይኩ የሚላክ ኤሌክትሪክ) የሚሰጥ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ማይኩን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ፣ እና የኤክስኤልአር ኬብል ይፈልጋል። እነዚህ ከሌሉዎት ወጪው ይጨምራል።

ሶፍትዌሩ ሩም ኢኪው ዊዛርድ ይባላል፤ በነፃ ይወርዳል። ዩሚክ-1ን ሲሰኩ የልኬት ፋይሉን ይጠይቅዎታል፤ ያስገቡለት። በዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ የማይኩን ድምፅ 100 ያድርጉ፣ የናሙና መጠኑን («ሳምፕል ሬት») 48,000 ኸርዝ ላይ ያቁሙ፣ «ኢንሀንስመንት» የሚለውን ሁሉ ያጥፉ። ይህ የመጨረሻው ሲረሳ ዊንዶውስ የመለኪያውን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያጠፋው ይሞክራል፤ ግራፉም ትርጉም የለሽ ሆኖ ይወጣል።

የዩሚክ-1 የልኬት ፋይል ሁለት ዓይነት ነው። ማይኩ ወደ ስፒከሮቹ ከዞረ የ0 ዲግሪው፣ ጫፉ ወደ ኮርኒስ ከቆመ የ90 ዲግሪው ይጫናል። ማምታታቱ ባሱን አይነካም፤ ቀጭኑን ድምፅ ግን ያዛባል። ለሁለት ስፒከር ወደ ፊት አዙረው የ0ውን ቢጠቀሙ ይሻላል።

ማይኩን ጆሮዎ በሚውልበት ከፍታ ላይ በካሜራ ትራይፖድ ያቁሙ። በእጅ አይያዝ፤ የሶፋ መደገፊያ ላይም አይጋደም፤ ከሶፋው ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ግራፉን ያበላሻል። እርስዎም በማይኩና በስፒከሩ መካከል አይቁሙ። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅለው በባትሪ ያሠሩት፤ የመሬት ሽቦ በትክክል ባልተዘረጋበት ቤት 50 እና 100 ኸርዝ ላይ እዝዝ የሚል ድምፅ ይገባል።

ከዚያ የድምፁን መጠን ማይኩ ዘንድ ወደ 75 ዴሲቤል አድርሰው ከ15 እስከ 20,000 ኸርዝ ይለኩ። መለኪያው ከወፍራም ጀምሮ ወደ ቀጭን የሚወጣ ፉጨት ነው፤ 6 ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን፣ በመጨረሻ ሁለቱን በአንድ ላይ። ማይኩን ከራስዎ ቦታ ዙሪያ 20 እና 30 ሳንቲ ሜትር እያንቀሳቀሱ ከ5 እስከ 7 ነጥብ ይውሰዱና አማካዩን ያውጡ። በአንድ ነጥብ ብቻ የተሠራ ማስተካከያ ራስዎን ዘንበል ሲያደርጉ ይፈርሳል።

ባሱ ላይ አንድ ሹል ነገር ብቅ ካለ ክፍሉ ነው ከማለትዎ በፊት ቡፌውን ይጠርጥሩ። በሶፍትዌሩ ጀነሬተር አንድ ወጥ ድምፅ ከ40 እስከ 80 ኸርዝ ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉና ክፍሉን ይዙሩ፤ የቡፌው መስታወት፣ ረከቦቱ ላይ ያሉ ስኒዎች፣ ምስማሩ የላላ የቺፑድ ኮርኒስ በየተራ ሲንቀጠቀጡ ይሰማሉ። እነዚህ በኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ በሚጨምርና በሚቀንስ ማስተካከያ) አይስተካከሉም። ስኒውን ያንሱ፣ ምስማሩን ያጥብቁ፣ እንደገና ይለኩ።

በሩም ኢኪው ዊዛርድ ሲያስተካክሉ ክልሉን ከ30 እስከ 300 ኸርዝ ይገድቡ፤ ጭማሪ የሚለውን 0 ዴሲቤል ያድርጉ፤ ማለትም ፕሮግራሙ ጉብታ (ግራፉ ላይ ከፍ ያለውን) ይቁረጥ እንጂ ጉድጓድ (ዝቅ ያለውን) አይሙላ። ከ300 በላይ ያለውን የስፒከሩ ሥራ አድርገው ይተዉት፤ እዚያ ላይ ግራፍ ለማስተካከል ብሎ ጥሩ ስፒከር ማበላሸት በጣም የተለመደ ነው። የወጡትን ፊልተሮች (የማስተካከያ ቁጥሮች) በጽሑፍ ፋይል አስቀምጠው ኢኳላይዘር ኤፒኦ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይጫኑና ዳግም ይለኩ። ለውጥ ካላዩ ሶፍትዌሩ አሲዮ ወይም «ኤክስክሉሲቭ» የተባለውን መንገድ እየተጠቀመ ይሆናል፤ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ድምፅ ኢኳላይዘር ኤፒኦን አይነካም።

ጥያቄ፦ ቤቴ ብሎኬት ነው፤ ክፍሉ 4 በ 4 ሜትር። ሶፋዬ መሀል ላይ ነው። ስለካ 43 ኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ፣ 86 አካባቢ ጉብታ አገኘሁ። ጉድጓዱን 10 ዴሲቤል ጨመርኩበት፤ ምንም አልሞላም፣ ስፒከሩ ግን ማጓራት ጀመረ። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ጭማሪውን ዛሬውኑ ያጥፉት። 10 ዴሲቤል ማለት 10 እጥፍ ኃይል ነው፤ 20 ዋት ይጠይቅ የነበረው ባስ 200 ዋት ይጠይቃል። ጉድጓዱ የማይሞላውም ድምፁ ከግድግዳ ተመልሶ ራሱን ስለሚያጠፋ ነው፤ የሚመጣውን ሲጨምሩ የሚመለሰውም እኩል ይጨምራል።

ቁጥሮቹ ከክፍልዎ ጋር ልክክ ይላሉ። የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ 343 ሜትር ነው፤ ይህን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ፣ ለ8 ሜትር፣ ሲያካፍሉት 43 ኸርዝ ገደማ ይመጣል። የዚህ ሞገድ ባዶ ቦታ የክፍሉ መሀል ነው፤ እርስዎ የተቀመጡበት ማለት ነው። የእጥፉ፣ የ86 ኸርዙ፣ ጉልበት ደግሞ እዚያው መሀል ላይ ይበረታል። ክፍሉ 4 በ 4 መሆኑ ነገሩን ያባብሳል፤ ርዝመቱም ወርዱም ያንኑ ድምፅ ያስተጋባሉ። የከተማው ግማሽ ክፍል በዚህ ልክ መሠራቱ ለግንበኛ ቢመችም ለባስ አይመችም።

መድኃኒቱ ሶፋውን መግፋት ነው። ከኋላ ግድግዳ 1.3 ሜትር አካባቢ ላይ ያድርጉት፤ እዚያ ሁለቱም ሞገዶች በመጠኑ ይሰማሉ። ግድግዳው ሥር ድረስ ግን አያስጠጉት፤ ባሱ ሁሉ ያብጣል። ከዚያ ለክተው የተረፈውን ጉብታ ብቻ ይቁረጡ። አዲስ ጉድጓድ ከመጣ ስፒከሩ ከጀርባው ካለው ግድግዳ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 143 ኸርዝ፣ 1 ሜትር ከሆነ 86 ኸርዝ አካባቢ ይጎድላል። ለዚህም መልሱ ስፒከሩን ማንቀሳቀስ ነው። ጥግ ላይ ፍራሽ ማቆም የሰሙ ካሉ፣ ለጭብጨባ ማስተጋባት ይረዳል፤ 43 ኸርዝን ግን አይነካውም።

ጥያቄ፦ የመድረክ ማይክ ወይም ስልኬ አይበቃም? (ከአራዳ)

መልስ፦ የመድረክ ማይክ አይሆንም። ኤስኤም58ን የመሰሉት ለአፍ ቅርበት የተሠሩ ናቸው፤ 3 ሜትር ሲርቁ ባሱን ያሳንሱታል፣ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውንም በደንብ አይቀበሉም። ብዙ ስልኮች ደግሞ ለንግግር ብለው ወፍራሙን ድምፅ ይቆርጣሉ። ከእነዚህ የሚሻለው እንደ ቦያ ቢዋይ-ኤም1 ያለው የደረት ማይክ ነው፤ ከሁሉም አቅጣጫ ይቀበላል። ላፕቶፕዎ ለኢርፎንና ለማይክ አንድ የጋራ መሰኪያ ብቻ ካለው የማይኩን ማብሪያ ወደ ስልክ አድርገው ይሰኩት። ከ300 ኸርዝ በታች ያለን ጉብታ ቦታ ለመፈለግና ሶፋ ከመግፋት በፊትና በኋላ ለማወዳደር ይበቃል። በዝቅተኛው ባስ ላይ የሚያሳየውን ቁልቁለት ግን አምነው ባስ አይጨምሩ።

ጥያቄ፦ የጎንደር ከፍታ ልኬቱን ያዛባል? መቼስ ልለካ? (ከማራኪ)

መልስ፦ ከ2,000 ሜትር በላይ ብንሆንም የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት እንጂ በአየር ግፊት አይደለም፤ ስሌቱ እንዳለ ይሠራል። የሚያስቸግረው ቆርቆሮው ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይንጣጣል፤ በፉጨቱ መሀል አንድ ጊዜ ጧ ካለ ያንን ልኬት ይጣሉት። ዝናብ ላይ ጭራሽ አይሞክሩ። በበጋ ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት፣ በክረምት ዝናቡ ሳይጀምር ረፋዱ ላይ ይመቻል። ፍሪጁንም ለዚያች ጊዜ ይንቀሉት፤ መልሰው መሰካቱን ብቻ እንዳይረሱ።