መሣሪያው ይቆይሽ፤ መጀመሪያ «ባዶ ናት» ማለትን ተማሪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የእንስሳት ሕክምና ትምህርትሽን ልትጨርሺ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሻል፤ ቤተሰቦችሽ ደጀን ቆላ ወደ ዓባይ በረሃ ፍየል ያረባሉ። «ተበድሬ አልትራሳውንድ ልግዛና የፍየል እርግዝና እየመረመርኩ ልተዳደር?» ብለሻል።

አትበደሪ። ሙያውን ግን አጥብቀሽ ያዢው።

«እርጉዝ ናት» ማለት አይከብድም። ሁለት ወር ገደማ ሲሆናት የሽሉ ልብ ሲመታ፣ የእንግዴ ልጁ እምቡጦች እንደ ቀለበት ሲታዩ ቶሎ ትለይዋለሽ። የሚከብደው «ባዶ ናት» ማለት ነው፤ ባለቤቱ በዚያ ቃል ገበያ ያወጣታላ። አንድ ወጣት ባለሙያ በተጠቃች (አውራ በወጣባት) በ25ኛው ቀን በሆድ በኩል አይቶ «ባዶ ናት» አለ። ፍየሏ ለፋሲካ ታረደች፤ መንታ ተገኘባት። ባለቤቱ የዚያን ቀን የነበረው ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። በሆድ በኩል ስታዪ ከ35 ቀን በፊት ቁርጥ ያለ ቃል አትስጪ። በረሃ ላይ አውራው ከመንጋው ጋር ስለሚውል የተጠቃችበትን ቀን የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ባዶ የመሰለችሽን ከወር በኋላ ደግመሽ እያት።

ማህፀኗ ውኃ ብቻ ቋጥሮ የምታሳስትም አለች። ምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታይ ውኃ ስላየሽ ብቻ አትቸኩዪ፤ ሽሉን ወይም እምቡጦቹን ፈልጊ።

ቦታውን እጅሽ ይልመደው፦ በቀኝ በኩል፣ ከጡቷ ፊት ለፊት፣ ብሽሽቷ ላይ ጠጉር የሌለው ቆዳ። ጄል ቀቢና ፕሮቡን (ቆዳዋ ላይ የምታሳርፊውን የመሣሪያውን እጀታ) ወደ ዳሌዋ አዘንብዪው። በግራ በኩል ትልቁ ጨጓራ ይጋርድሻል።

ገቢውን በተመለከተ፣ አምስት ፍየል ያለው ገበሬ ለምርመራ ብቻ ገንዘብ አያወጣም። መንታ የያዘችውን ለይተሽ «በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት መኖ ለዚህች ጨምር» ስትዪው ግን ጥቅሙ ይገባዋል፤ ሽሉ በብዛት የሚያድገው ያኔ ነውና። ሽሎቹን ለመቁጠር ከ45ኛው ቀን በኋላ ያለው ጊዜ ይመቻል፤ ከ90 ቀን ካለፈ ግን ስለሚተልቁ መቁጠሩ ያስቸግራል።

ከትምህርት ክፍልሽ ደብዳቤ አጽፊና ባሕር ዳር አጠገብ ያለውን የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል የተግባር ልምምድ ጠይቂ። ለራስሽም ደብተር ያዢ፤ ያየሽበትን ቀን፣ ያልሽውን፣ በኋላም ስንት እንደወለደች። የተሳሳትሽበትንም ሳትሰርዢ ጻፊ፤ ቀጣሪ ፊት ስትቀርቢ እኔ ብሆን የማየው እሱን ነው። እርግዝናው 150 ቀን ገደማ ስለሚወስድ መልሱን ለማወቅ ብዙ አትጠብቂም። ለመጀመሪያው የቤታችሁ ፍየሎች ይበቁሻል፤ የትኛዋ መቼ እንደተጠቃች መንጋውን የሚጠብቀው ሰው ከዛሬ ጀምሮ ይመዝግብልሽ።