ሰደርያው የግድ ነው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ የአማተር ራዲዮ (ለትርፍ ሳይሆን በፍላጎት የሚሠራበት የመገናኛ ራዲዮ) ፈቃድሽን በማውጣትሽ እንኳን ደስ አለሽ። «በማራቶን ላይ በራዲዮ ልረዳ ተመዝግቤያለሁ፤ ያንን አንጸባራቂ ሰደርያ መግዛት አለብኝ? ፖሊስ ነኝ የምል እንዳልመስል ፈራሁ» ብለሻል። እዚህ ቨርጂኒያ ስድስት ዓመት በሩጫና በብስክሌት ውድድሮች ላይ ቆሜያለሁ። ግዢው።

የመጀመሪያ ዓመቴን ጥቁር ጃኬት ለብሼ ነበር የሄድኩት። ጥቅምት ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ገና ድቅድቅ ጨለማ። አንድ ፒክአፕ የመንገድ ኮን ሊያራግፍ ወደ ኋላ መጣ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ራዲዮዬን ሪፒተሩ (ድምፃችንን ተቀብሎ ርቆ እንዲሰማ መልሶ የሚያሰራጨው ጣቢያ) ላይ አስተካክላለሁ። ጎማው የቆመው ጫማዬ ጫፍ ላይ ነው። ሹፌሩ ወርዶ «ጭራሽ አላየሁህም» አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስትገዢ «አንሲ 107፣ ክላስ 2» (የአሜሪካ የአንጸባራቂ ልብስ ደረጃ ነው) የሚል ምልክት ያለበትን ፈልጊ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ በገባባቸው አውራ ጎዳናዎች ላይ የሚሠሩ ሰዎች ቢያንስ ይህን መልበስ ግዴታ የሆነባቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ቀን የሚያሳይሽ ደማቁ ጨርቅ ነው። ሌሊት ግን ጨርቁ ብዙም አይረዳሽም፤ የመኪናውን መብራት ወደ ሹፌሩ ዓይን የሚመልሰው ግራጫው ጥብጣብ ነው። ስለዚህ ቦርሳ በጀርባሽ አትዘዪ፤ ጥብጣቡን ይሸፍነዋል። ትከሻውና ጎኑ በቬልክሮ የተያያዘ ቢሆን ይመረጣል፤ የመኪና መስታወት ቢይዘው ተላቆ ይቀራል እንጂ አንቺን አይጎትትም። ራዲዮውን ግን ከሰደርያው ጋር ተላቆ እንዳይሄድ ቀበቶሽ ላይ አድርጊው።

ፖሊስ ስለመምሰሉ ያልሽው ልክ ነው። ጀርባው ላይ «አማተር ራዲዮ» ወይም «ኮሚዩኒኬሽን» የሚል ብቻ ይበቃል። ባጅ፣ ኮከብ ምናምን አያስፈልግም። ሰደርያው መኪና የማስቆም ሥልጣንም አይሰጥሽም።

ጽሑፉ ግን ትልቅ ይሁን። አንድ ጊዜ አንዲት ሯጭ እያለቀሰች ወደ እኔ መጣች፤ ጓደኛዋ ከኋላ መንገዱ ላይ ወድቃለች፣ ስልኳም አልሠራ ብሏታል። «ራዲዮ የሚለውን አይቼ ነው» አለችኝ። ቦታውንና የወደቀችውን ልጅ የደረት ቁጥር ለኔት ኮንትሮል (የራዲዮ ንግግራችንን ለሚመራው ሰው) ነገርኩ። ስም አልጠራሁም፤ አንቺም እንዳትጠሪ፣ በእኛ ሞገድ የምንለውን ማንም መስማት ይችላል። ሐኪሞቹ ደርሰው ልጅቷን አነሷት።

አንዳንድ አዘጋጅ ሰደርያ ራሱ ያድላል፤ አስተባባሪሽን ቀድመሽ ጠይቂ። የራስሽን የምትገዢ ከሆነ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ጠዋት ስለሚበርድ ከካፖርትሽ በላይ ነው የምትደርቢው።