ደውሎ የሚጠፋው ባለቤቴ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለሰላም ማስከበር ደቡብ ሱዳን ነው። አንዴ ይደውልና ሳምንት ይጠፋል። ምን ሆኖ ነው? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው። ከከተማ ወጣ ሲሉ ሲግናል የለም፣ ቅኝት ደግሞ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ክረምት ከገባማ ያ ጥቁር ጭቃ መኪናውን ይውጠውና ወታደሩ ጎማ ሲያወጣ ይውላል። ካምፕ ሲመለስ ልብስ ማጠብ አለ፣ ዘብ አለ። ማታ አጎበር ውስጥ ነው፣ ወባው አይጣል!

ሰዓቱንም አትርሺ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2021 ሰዓቷን ስለቀየረች፣ አንቺ ጋ ማታ ሶስት ሲል እሱ ጋ ገና ሁለት ነው። የት እንደሚሄድ በስልክ አትጠይቂው፣ መንገርም የለበትም። የልጆቹን ድምፅ ቀድተሽ በቴሌግራም ላኪለት፣ ኔት ሲያገኝ ይሰማዋል። ወደዚያ የሚሄድ ጓድ ካገኘሽ ደግሞ ሽሮና በርበሬ (ድርቆሽም ቢሆን) አደራ በይው።