መልስ፦ የካንፍራንክ ባቡር ጣቢያ ለምን ያን ያህል ገዘፈ?

ውድ ጠያቂ፣ ስፔንና ፈረንሳይ በሚዋሰኑበት በፒሬኔ ተራሮች መካከል ያለው የካንፍራንክ ባቡር ጣቢያ ለምን ያን ያህል ግዙፍ ሆኖ እንደተሠራ፣ ባቡሩስ ድንበር መሻገሩን ለምን እንዳቆመ ጠይቀዋል። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ግዝፈቱ ከሐዲዱ ይጀምራል። የስፔን ሐዲድ ከፈረንሳዩ በ23 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ የአንዱ አገር ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም ነበርና፣ መንገደኛው በአንዱ ወገን ወርዶ፣ በሕንጻው ውስጥ የሁለቱንም አገሮች ፖሊስና ጉምሩክ አልፎ፣ በሌላው ወገን የቆመውን ባቡር ይሳፈር ነበር፤ ጭነቱም እንዲሁ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ይገለበጣል። 241 ሜትር የሚረዝመው ሕንጻ በ1928 የስፔኑ ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛና የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዱሜርግ በተገኙበት ተመረቀ። እርግጥ ለዕይታ ተብሎ የተጨመረበትም አይጠፋም፤ የመንገደኛው ቁጥር ለዚያ ስፋት የሚመጥን ሆኖ አያውቅም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናዚ ጀርመን ወርቅ ወደ ደቡብ፣ ለጦር መሣሪያ የሚፈለገው የተንግስተን ማዕድን ደግሞ ወደ ሰሜን በዚሁ አለፈ። የፈረንሳይ ጉምሩክ ኃላፊ የነበሩት አልቤር ሌ ሌ ግን በዚያው ጣቢያ ስደተኞችን ያሻግሩ፣ የፀረ ናዚ ታጋዮችንም መልእክት ያቀባብሉ ነበር።

መስመሩን ያቋረጠው አደጋ ነው። ማርች 27 ቀን 1970 አንድ የጭነት ባቡር በፈረንሳይ በኩል ቁልቁል ተንሸራትቶ የሌስታንጌን ድልድይ ሰበረ፤ ፈረንሳይም ድልድዩን መልሳ አልሠራችውም። ከስፔን ወገን የሚመጣው ባቡር በአጠገቡ በተሠራው አዲስ ጣቢያ ይቆማል፤ አሮጌው ሕንጻ ከ2023 ጀምሮ ሆቴል ሆኗል።