እርከኑን ላፍርሰው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ የምኖር ገበሬ ነኝ። የዛሬ ዓመት በየካቲቱ የተፋሰስ ዘመቻ በጤፍ ማሳዬ ላይ አራት የአፈር እርከን ተሠራ። ሐምሌ ላይ ሁለተኛው ተደርምሶ ውሃው ጤፉን ጠራርጎ ወሰደው። በሬ ማዞሪያም አጣሁ፤ አይጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዘንድሮ ባርሰው ምን አለበት?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ያስቆመኝ «ሐምሌ» የሚለው ቃል ነው። ዝናብ በሚያጥርበት አገር እርከን ውሃው እዚያው እንዲሰርግ ፍጹም አግድም ይቀየሳል። በእናንተ ደጋ እንደዚያ ከተሠራ ግን አፈሩ ሐምሌ ላይ ይጠግባል፤ ውሃው ይተኛል፤ ዝቅ ያለችውን ቦታ ፈልጎም ይበጥሳል። ጥፋቱ የእኛ የቀያሾቹ ነው። ውሃ መውጫ እንደሚሻ እናንተ ድሮም ስለምታውቁ ነው ጤፍ ስትዘሩ ፈሰስ (ትርፉን ውሃ ከማሳው የሚያወጣ ቦይ) የምታወጡት። ቀያሹ ሲመጣ ግን የጠየቃችሁ የለም።

ደምበጫ አካባቢ፣ አንጀኒ ላይ በ1970ዎቹ የተሠራው ፋንያ ጁ (አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ የሚጣልበት እርከን) በጥቂቱ አዘንብሎ ወደ ማፋሰሻ እንዲያወጣ ተደርጎ ነው የተቀየሰው። ዛሬ ተዳፋቱ ማሳ እንደ ደረጃ ተደልድሏል።

የእርስዎም የሚድነው በዚሁ መንገድ ነው። 10 ሜትር ገመድ በሁለት እኩል እንጨቶች ላይ ይወጥሩ፤ መሐሉ ላይ የአናጢ ውሃ ልክ ያንጠልጥሉ። ቦዩ በየ10 ሜትሩ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ከዚያ ካለፈ ቦዩ ራሱ ይሸረሸራል። መጨረሻው ሣር የለበሰ ማፋሰሻ ላይ መድረስ አለበት። ማፋሰሻ ከሌለ አስቀድመው ከጎረቤትዎ ጋር ተስማምተው ያውጡ፤ ሣሩ አንድ ክረምት ሳይይዝ ውሃ አይልቀቁበት፣ ቦረቦር ይሆንብዎታል።

የበሬው ነገር እውነት ነው። በእኛ ማረሻ ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን ማቋረጥ አለበት፤ እርከን ያንን ይከለክላል። ቀጥ ብሎ ከማቋረጥ በሰያፍ ማረስ ይረዳል፤ ሙሉ መፍትሔ ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ለአይጡ መፍትሔ እርከኑ ጀርባ ላይ ደሾ ሣር ይትከሉና ቶሎ ቶሎ ያጭዱ፤ ለከብትም ይሆናል።

ሕጉ ባለይዞታ መሬቱን እንዲንከባከብ ያስገድዳልና በገዛ ፈቃድዎ አያፍርሱት። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በስንዴና በዘይት ክፍያ የተሠራ ስንት እርከን ታርሷል። ገበሬው መሬቱን ጠልቶ ያደረገው አይመስለኝም፤ እርከኑን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ስላየው ነው።

አሁን ከታች በኩል እርከኑ ሥር እየታከኩ ማረስዎን ይተዉ። ሰኔ ላይ ዶፍ ሲጥል ዘነብኝ ሳይሉ ማሳው ላይ ይቁሙ፤ ውሃው የሚተኛበት ቦታ ላይ ችካል ይትከሉ። የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ሲጠሩ መጀመሪያ ችካሎቹን ያሳዩት።